ቪፓሳና ከገዳም እንዴት ወጣ?

ትንፋሽንና የሰውነት ስሜትን ሳይታገሉ ዝም ብሎ ማስተዋል፣ ቪፓሳና የሚባለው የቡድሂስቶች ተመስጦ ይህ ነው። ልማዱ ጥንታዊ ነው። ለብዙ ዘመን ግን በአብዛኛው የመነኮሳት ሥራ ነበር። ወደ ተራው ሰው ያወረደው አንድ ወረራ ነው ብንላችሁ ታምናላችሁ?

በ1885 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የበርማን (የዛሬዋን ምያንማር) ንጉሥ ቲቦን ከዙፋን አውርደው ወደ ሕንድ አጋዟቸው። የገዳማቱ ጠባቂ ንጉሡ ነበሩና፣ ሃይማኖቱም አብሮ እንዳይጠፋ ተፈራ። ሌዲ ሳያዶ የተባሉ መነኩሴ ታዲያ በቀላል በርማኛ እየጻፉ፣ አገር ላገር እየዞሩ ምእመኑን ማስተማር ያዙ። በኋላማ በ1948 ነጻ የወጣችው በርማ ዋና ሒሳብ ሹም፣ ኡ ባ ኪን፣ ለመሥሪያ ቤታቸው ሠራተኞች ሳይቀር ተመስጦ ያስተምሩ ነበር። (ሒሳብ ሹም ነው ያልነው፤ መነኩሴ አይደሉም!) ማይግሬን ያሰቃያቸው የነበሩት ነጋዴው ጎየንካ በ1955 የተማሩት ከእሳቸው ነው፤ በ1969 ትምህርቱን ወደ ሕንድ ወሰዱት።

ለአእምሮስ ይጠቅማል? በ2014 በጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን የወጣ ጥናት በልዩ ልዩ የተመስጦ ዓይነቶች ላይ የተደረጉ 47 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ትንፋሽንና ስሜትን የማስተዋሉ ልምምድ ጭንቀትንና ድብርትን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም።