ከነጋሪት ወደ ሥዕል፤ ስለ ዘመቻ ጥሪ

ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመስቀል አደባባይ በ1969 ዓ.ም. «አብዮት አደባባይ» ይባል ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን «የእናት አገር ጥሪ» ከታወጀ በኋላ፣ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑት ሚሊሺያዎች ሰኔ 18 ቀን በሰልፍ ያለፉት በዚሁ አደባባይ ነው።

ከዚያ በፊት ጥሪ በጆሮ የሚሰማ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት የክተት ነጋሪት ሲጎሰም በአጠገቡ ላለው ሠፈር ካዛንቺስ የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣለትም፤ ስሙ ኢጣሊያኖች በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነውና። አዋጁን የሰማ ሰው ስንቁን ይዞ አለቃውን ይከተላል። ጠሪው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ባስነገሩት የክተት አዋጅ በራሳቸው ስም ይናገራሉ፤ ብርቱውን ለዘመቻ፣ ደካማውን ለጸሎት ይጠራሉ፤ የሚቀረውንም ያስፈራራሉ። ልመናውና ዛቻው ከአንድ አንደበት ይወጣሉ፤ ቁም ነገሩም ይህ ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረደ በኋላ ሌላ ጠሪ አስፈለገ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 በእንግሊዝ፣ በ1917 በአሜሪካ የወጡት የታወቁ የምልመላ ሥዕሎች ጣቱን ወደ ተመልካቹ የቀሰረ ሰው ያሳያሉ። በ1941 ኢራክሊ ቶይድዜ የሳለው የሶቪየት ሥዕል ግን ቀይ የለበሰች እናት የመሐላ ወረቀት ይዛ ስትጣራ ያሳያል። በኢትዮጵያም በንጉሥ ፈንታ የተጣራችው እናት አገር ናት። ሐሳቡ ከሶቪየት ተወሰደ ማለት ግን ችኩል ፍርድ ነው፤ አገርን በእናት መመሰል ለአማርኛ ባዕድ አይደለም።

እናት ግን አትዝትም። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር እንኳ የተናጋሪው መሐላ እንጂ ለሚቀረው የተነገረ ዛቻ አይደለም። ማስገደዱ ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበርና ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በ1969 ዓ.ም. ከተሰለፉት ሚሊሺያዎች የሚበዙት ገበሬዎች ነበሩ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም ገና ስላልተጀመረ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። እንግዲህ በአደባባዩ የሚሰቀለው ሥዕልና መፈክር ከገበሬው ይልቅ ለከተማው ሰው የተሠራ ይመስላል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆናቸው ግዴታውን ከደነገገ ወዲህ ተመልማዩ በቀበሌ የስም ዝርዝር ይፈለግ ጀመር። እናት አገር ልጇን ስትጣራ በየቤቱ ያለችው እናት ልጇን ትሸሽግ ነበር። ሕዝቡ ለዚህ ሥራ ያወጣለት ስም በአዋጁም በሥዕሉም ላይ አልተጻፈም፤ «አፈሳ» ይለው ነበር።