የታተመው ንድፍና የእጅ ሥራው

ዓመቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጳጉሜን መጨረሻ፣ ሕፃናት ወረቀትና ቀለም ይዘው መቀመጣቸው በከተሞቻችን የኖረ ልማድ ነው። ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባ ወይም ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይሥሉና በእንቁጣጣሽ ዕለት ለዘመድና ለጎረቤት ያድላሉ፤ ተቀባዩም ሥዕሉን ተቀብሎ ለልጁ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጠዋል። ባለፈው የዘመን መለወጫ የስምንት ዓመት ልጄ ይህንኑ ሊያደርግ ፈለገ። ሆኖም መልአኩን ራሱ አልነደፈውም። ከኮምፒዩተር ላይ የመስመር ንድፍ መርጦ በቤታችን ማተሚያ አሳተመ፤ ከዚያም ቀለም ቀባው፣ በመቀስ ቆረጠው፣ በጠንካራ ወረቀት ላይ ለጠፈው፣ ከሥሩም ወደ ታች በሚያዘቀዝቅ ጽሕፈቱ «እንኳን አደረስዎ» ብሎ ጻፈበት። ሥዕሉን የተቀበሉት አሮጊት ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ከተከተሉ በኋላ፣ «የኔ ልጅ፣ ይኸን የሠራኸው አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ መልሱን ከእኔ ሊያገኝ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በሙያዬ ንድፍ ማንበብና ማስነበብ የዘወትር ተግባሬ ሆኖ ሳለ የምለው አጣሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የአሮጊቷን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጥያቄው የሕፃናት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ በብዙ አገሮች ታትሞ በሚቆረጥ ንድፍ የመልካም ምኞት ካርድ፣ የስጦታ ሣጥን፣ የቤተሰብ አልበምና የግድግዳ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሥራቸውንም «የእጅ ሥራ» ብለው ይጠሩታል። ስያሜው ይገባዋልን? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከኅትመት ወደ ብሩሽ

ኅትመትን እንደ መነሻ ወስዶ በእጅ መጨረስ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮማ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂዎች ወደ ኢትዮጵያ አመጡ። ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላም ሥዕሉ አልተባረረም፤ የኢትዮጵያ ሠዓሊያን የእመቤታችንን አቀማመጥና የእጆቿን አያያዝ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። እንደዚሁም በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1591 ታትሞ የወጣው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። በ17ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በጎንደር የተሣሉ የወንጌል መጻሕፍት የእነዚህን ሥዕሎች አሰላለፍ ተከትለው የተሠሩ መሆናቸውን የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ከሮማ የመጣው ጥቁር መስመር በነጭ ወረቀት ላይ ነበር፤ በጎንደር የወጣው ግን ኅብረ ቀለማዊ ሥዕል በብራና ላይ ሆነ። ሠዓሊው ከታተመው ገጽ የሚያስፈልገውን መረጠ፣ ያላስፈለገውን ተወ፣ ቀለሙን ወሰነ፣ መግለጫውን በግዕዝ ጻፈ። ማንም ቢሆን የጎንደርን ሥዕል የማተሚያ መኪና ሥራ ነው ሊል አይደፍርም። እንግዲህ መስመሩ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ብቻውን የእጅ ሥራነትን እንደማያስቀር ከራሳችን ታሪክ እንረዳለን።

ድንጋይ፣ ቀለምና መቀስ

በጎንደር ንድፉን የሚጠቀመው የሠለጠነ ሠዓሊ ነበር። የታተመ ጌጥ በማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም ልጅ እጅ ሊገባ የቻለው ቀለም ያለው ኅትመት ከረከሰ በኋላ ነው። ለዚህም መንገዱን የከፈተው አሎይስ ዜኔፌልደር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው የቲያትር ደራሲ ሲሆን ድርሰቶቹን በርካሽ የሚያሳትምበት ዘዴ ሲፈልግ በ1796 በድንጋይ የማተምን ጥበብ፣ ማለትም ሊቶግራፊን፣ ፈለሰፈ። ዘዴው ስብና ውሃ የማይዋሐዱ በመሆናቸው ላይ የተመሠረተ ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ስብነት ባለው ቀለም ይጻፋል፤ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ የማተሚያው ቀለም በተጻፈበት ቦታ ብቻ ይይዛል። መቅረጽና መሸርሸር ሳያስፈልግ እጅ የጻፈው እንዳለ ይታተማል።

በ1837 ጎድፍሯ ኤንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ በልዩ ልዩ ድንጋዮች አማካይነት በብዙ ቀለም ለማተም የሚያስችለውን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሳይዛነፍ እንዲያርፍ ማድረግ የአታሚው ትልቁ ፈተና ነበር። ጥበቡ ከተሻሻለ በኋላ የጀርመን ማተሚያ ቤቶች አበባ፣ ወፍ፣ መልአክና ሕፃን የታተመባቸውን ወረቀቶች በማኅተም ፕሬስ ከፍ ከፍ እያደረጉና ዙሪያቸውን እየቆረጡ ለዓለም ገበያ አቀረቡ። ሥዕሎቹ በቀጫጭን የወረቀት ድልድዮች ተያይዘው ይሸጡ ነበር። በእንግሊዝኛ ስክራፕ፣ ማለትም ቁርጥራጭ፣ የሚባሉት እነዚሁ ናቸው፤ የሚለጠፉበትም ደብተር ስክራፕቡክ ተባለ።

በዚያው ዘመን የስጦታ ካርድም ተወለደ። በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን ሹም ለገና በዓል ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ጊዜ ስላልፈቀደለት፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ካርድ አስነድፎ 1000 ቅጂ አሳተመ። መስመሩ በድንጋይ ታተመ፤ ቀለሙ ግን በሰው እጅ ተቀባ። ይኸው ነው እንግዲህ ልጄ በጳጉሜን ያደረገው።

በአሜሪካ ደግሞ ኢስተር ሀውላንድ የተባለች ወጣት በ1847 ትምህርቷን እንደጨረሰች ከእንግሊዝ የመጣ የቫለንታይን ካርድ አየች። የአባቷ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የወረቀት ዳንቴልና የታተሙ አበቦች ከእንግሊዝ አስመጣላት። ወንድሟ ናሙናዎቿን ይዞ ለሽያጭ በዞረ ጊዜ እርሷ የ200 ዶላር ትእዛዝ ስትጠብቅ እርሱ ከ5000 ዶላር በላይ ይዞ መመለሱ ይነገራል። ትእዛዙን ለመፈጸም ሴት ጓደኞቿን በቤቷ ሰበሰበችና ሥራውን ከፋፈለች፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ዳንቴሉን ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ትለጥፋለች። እኛ መሐንዲሶች የምርት መሥመር የምንለውን ይህች ወጣት በሳሎኗ ዘረጋችው። የተሸጠው ግን «የእጅ ሥራ» ተብሎ ነው፤ ስሕተትም አልነበረበትም፤ የእጅ ሥራና ፋብሪካ ድንበራቸው ከጥንት ጀምሮ ቀጭን መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ደብተሩን በተመለከተም ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1873 ገጾቹ አስቀድሞ ሙጫ የተቀቡ፣ በውሃ ሲርሱ የሚያጣብቁ ስክራፕቡክ በስሙ አስመዝግቧል።

ራሱን የሚበላ ወረቀት

ይህ ሁሉ ፍቅርና ትጋት የፈሰሰባቸው አልበሞች ግን ብዙዎቹ ዛሬ ቡናማ ሆነው በእጅ ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ምክንያቱ ኬሚካላዊ ነው። ሞሪትዝ ኢሊግ በ1807 ወረቀት ቀለም እንዳይመጥጥ በሙጫ ዝፍትና በአሉም የማከም ዘዴን ይፋ አደረገ፤ ፍሪድሪክ ኬለር ደግሞ በ1840ዎቹ እንጨት ፈጭቶ ወረቀት መሥራት ቻለ። ሁለቱ ሲደመሩ ወረቀት እጅግ ረከሰ። ነገር ግን አሉም በእርጥበት አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የወረቀቱን ቃጫ ከዓመት ወደ ዓመት ይቆራርጣል። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ በካርቦን ምርመራ የተገመተው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና እስከ ዛሬ ሲገለጥ፣ የአንድ መቶ ዓመት ዕድሜ የሌለው አልበም መበስበሱ ከዚህ የተነሣ ነው።

የቨርጂኒያው ዊሊያም ባሮው በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ባደረጋቸው ምርመራዎች የወረቀት ዋና ጠላት አሲድ መሆኑን አሳየ፤ አሲድ አልባ ወረቀት በፋብሪካ ሊመረት እንደሚችልም አረጋገጠ። በ1994 ረጅም ዕድሜ ላለው ወረቀት ዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 9706 ወጣ። ይህ የመዛግብት ባለሙያዎች ዕውቀት ወደ ተራው ቤተሰብ እንዲደርስ ካደረጉት አንዷ የዩታ ነዋሪ የነበረችው ሜሪለን ክሪስተንሰን ናት። በ1980 በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው የመዛግብት ጉባኤ ላይ ቤተሰቧ በጥንቃቄ የሠራቸውን 50 ያህል አልበሞች አሳየች፤ በማግሥቱ ዓመትም ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ዕቃዎች መደብር ተከፈተ። የዛሬው የስክራፕቡክ ሥራ መስፋፋት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቆጠራል።

ማተሚያው ወደ ቤት ሲገባ

እስከዚህ ድረስ ንድፉ ከሩቅ ታትሞ የሚመጣ ነበር። በ1984 ብሮደርባንድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፕሪንት ሾፕ የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ዴቪድ ባልሳምና ማርቲን ካን የደረሱት ይህ ፕሮግራም ማንኛውም ሰው በቤቱ ካርድ፣ ማስታወቂያና ረጅም የበዓል ባነር እንዲያትም አስቻለ። ካርዱ በአንድ ወረቀት በአንድ ገጽ ታትሞ ለአራት ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከወረቀቱ አንዱ ክፍል ተገልብጦ መታተም ነበረበት። ተጠቃሚው አያውቀውም እንጂ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች የገጽ አደራደር ጥበብ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጦለት ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከቀለም ነው። በ1977 በካነን ኩባንያ የጃፓን መሐንዲሶች ላቦራቶሪ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የሞላበትን የመርፌ ጫፍ ሲነካ ቀለሙ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሙቀት የፈጠረው አረፋ ቀለምን ሊገፋ እንደሚችል የተረዱት በዚህ አጋጣሚ ነው። ሂውሌት ፓካርድም በተመሳሳይ መንገድ ራሱን ችሎ ደርሶ በ1984 የመጀመሪያውን፣ በ1988 ደግሞ በ995 ዶላር የሚሸጠውን ዴስክጄት የተባለ ማተሚያ አወጣ። ዋጋው በየጊዜው ወረደ፤ ማተሚያው ቀለምም ጨመረ። በ1993 ፒዲኤፍ የተባለው የሰነድ ዓይነት የንድፍን መጠን ሳያዛባ ከቦታ ቦታ የሚያስተላልፍ ሆነ፤ በ1996 ደግሞ ፒኤንጂ የተባለው የሥዕል ዓይነት ዳራው ግልጥ የሆነ ሥዕል ለማስቀመጥ አስቻለ። ይህ የመጨረሻው ለስክራፕቡክ ሠሪ ታላቅ ነገር ነበር፤ አበባውን ከነጭ ዳራው መቀስ ሳይነካው ለይቶ በሌላ ወረቀት ላይ መደረብ ተቻለ። አንድ ጎኑ 12 ኢንች የሆነ የአልበም ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታሰብ 3600 በ3600፣ ማለትም ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ ይይዛል። በኤንግልማን ዘመን በድንጋዮች ላይ በእጅ ይነጠብ የነበረው ዛሬ በደቂቃዎች ይታተማል።

ጉድለቱም አብሮ መጣ። ለእናቴ ስጦታ የተገዛች፣ ስፋቷ 79 ሚሊሜትር የሆነች የጠረጴዛ ሰዓት ነበረች። ጎኑ 80 ሚሊሜትር የሆነ የሣጥን ንድፍ አትመን ከልጄ ጋር ቆርጠንና አጥፈን ጨረስን፤ ሰዓቷ ግን አልገባችም። ንድፉ የተዘጋጀው 216 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ለአሜሪካኖች ወረቀት ሲሆን፣ ማሽኑ 210 ሚሊሜትር በሆነው በኤ4 ላይ ለማስማማት ሲል ከመቶ ወደ 97 አሳንሶት ኖሯል። 80 የነበረው 78 እንኳ አልሞላም። በሥራ ቦታ «ከመለካታችሁ በፊት መስፈርቱን አንብቡ» እያልሁ የማስተምር ሰው በልጄ ፊት አፈርሁ። ሣጥኑን ግን አልጣልነውም፤ ልጄ አንዱን ጎን ሰንጥቆ ሌላ ወረቀት አስገባበትና በላዩ አደይ አበባ ሣለበት። እናቴም ሣጥኑን ተቀብላ ስታገላብጥ ከሁሉ አስቀድማ ዐይኗ ያረፈው በዚያ ጥገና ላይ ነበር።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ

ለአሮጊቷ ጎረቤታችን ያልሰጠሁትን መልስ አሁን ልስጥ። እኔ ራሴ በልጄ ዕድሜ ሳለሁ መልአኩን ከልቤ አልነደፍሁትም ነበር፤ ያለፈውን ዓመት ሥዕል በመስኮት መስተዋት ላይ አድርጌ፣ ነጭ ወረቀት ደርቤ በብርሃን ገልብጬዋለሁ። ቀለሙን ግን እኔ ነበርሁ የመረጥሁት። ከጎንደር ሠዓሊ እስከ ኢስተር ሀውላንድ፣ ከሄንሪ ኮል ካርድ እስከ ልጄ መልአክ መስመሩ ከሌላ እጅ ይመጣል፤ ምርጫው፣ ቀለሙ፣ መቀሱ፣ ጥገናውና በላዩ የሚጻፈው ስም የሰጪው ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት ማሽኑ መስመሩን ሠርቷል፤ ስጦታውን ግን ልጁ ሠርቶታል።

ከዚህ ጋር አንድ ኃላፊነት ይመጣል። ፋይሉ ሺህ ጊዜ ሊታተም ይችላል፤ የልጅ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ከልጆቻቸው ጋር ለእንዲህ ያለ ሥራ በሚቀመጡበት ጊዜ አሲድ አልባ ወረቀትና ማጣበቂያ እንዲመርጡ፣ ቶሎ ከሚደበዝዝ ቀለም ይልቅ ደቃቅ የቀለም ዱቄት ያለበትን እንዲጠቀሙ፣ መጠኑ መቶ በመቶ መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳያትሙ፣ ከሁሉም በላይ ስምና ቀን በእርሳስ በእጅ እንዲጽፉበት አሳስባለሁ።

በቅርቡ ለቡና በተጠራን ጊዜ መልአኩን በአሮጊቷ ቤት አየሁት። በመስተዋቱ ጠርዝ፣ ከሟች ባላቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ሰክተውታል። ማን እንደሠራው ዳግመኛ አልጠየቁም፤ ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ለከርሞስ ምን ታመጣልኛለህ?» አሉት።