ከቁጥር የወጣው በረራ፦ ማሪዮ ቪዚንቲኒ በኤርትራ ሰማይ

ስለ ተዋጊ አብራሪዎች የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የጣሉትን አውሮፕላን ከመቁጠር አያልፍም። ጣሊያናዊው ማሪዮ ቪዚንቲኒም በምሥራቅ አፍሪካ ከ15 የሚበልጡ የጠላት አውሮፕላኖችን የጣለ ተብሎ ይታወሳል። እኔ ግን የዚህን ሰው ሥራ የሚያስረዳው ቁጥሩ ሳይሆን መንገዱ የተዘጋበት ግንባር ነው ባይ ነኝ።

ቪዚንቲኒ እ.ኤ.አ. በ1913 በኢስትርያ ተወለደ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነትም ከፍራንኮ ወገን ተሰልፎ በረረ። በ1940 ኤርትራ ሲደርስ የተመደበው ጉራዕ ላይ በነበረው 412ኛው ስኳድሪላ (የአውሮፕላን ጓድ) ነው። የያዘው ፊያት ሲአር 42 ድርብ ክንፍ ያለው፣ አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥበት፣ ጎማው የማይታጠፍ አውሮፕላን ነበር። ሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነቱን እንደተቀላቀለች የስዊዝ ቦይ ተዘጋባት። ከዚያ ወዲያ ተተኪ ተዋጊዎች የሚመጡት ተፈታተው፣ በትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ተጭነው ነበር። ይኸው የጣሊያን አየር ኃይል ከጥቂት ዓመታት በፊት ተዋጊ አውሮፕላን ባልነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ላይ ያለ ከልካይ የመርዝ ጋዝ አዝንቧል። ይህ ሳይነሳ የዚህን ሰማይ ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

በጥቅምት 1940 ሱዳን ውስጥ በገዳሪፍ የአየር ማረፊያ ላይ የተሰነዘረው ጥቃት ቁጥሩ የማይናገረውን ያሳያል። ቪዚንቲኒ መንገድ እየመራ የተጓዙት ተዋጊዎች መሬት ላይ ቆመው ያገኟቸውን የእንግሊዝ 8 ዌልስሊና 2 ቪንሰንት አውሮፕላኖች አወደሙ። እንዲህ ያለው ድል በአየር ላይ ከተጣሉት ጋር አይቆጠርም፤ ለግንባሩ የነበረው ዋጋ ግን ከብዙ የአየር ላይ ፍልሚያ ይልቅ ይከብዳል። እንግሊዞች የጠፋባቸውን ሲተኩ፣ በኋላም ፈጣኑ ተዋጊ ሀሪኬን ሲመጣላቸው፣ በጣሊያን በኩል የተበላሸው ሞተር መለዋወጫ እያጣ ይቆም ጀመር።

እንግሊዞች ወደ ኤርትራ ገብተው የከፈቱት የከረን ውጊያ በተጀመረ በሳምንቱ ገደማ፣ የካቲት 1941፣ ሁለት ባልደረቦቹ በአየር ጠባዩ ክፋት ተገደው አረፉ። ቪዚንቲኒ ሊፈልጋቸው ተነሣ፤ ነፋሲት አጠገብ ከተራራ ጋር ተላትሞ ሞተ። ጣሊያን ከፍተኛውን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠችው። የመጨረሻ በረራው ግን ከድሎቹ መዝገብ ላይ አንድም ቁጥር አልጨመረም፤ ከረንም መጋቢት ላይ ወደቀች።