ከጥቁር ካርድ እስከ ኮምፒዩተር፦ በሥዕል ላይ የሚደረብ ጽሑፍ ታሪክ

አንድ ሰው በቴሌቪዥን ሲናገር ከደረቱ ዝቅ ብሎ ስሙና ሥራው ተጽፎ ይታያል። ተመልካቹ አንብቦ ያልፋል እንጂ ጽሑፉ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ አይጠይቅም። በተናጋሪው ልብስ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የለም፤ በካሜራውም ፊት የተጋረደ መስታወት የለም። ሥዕሉና ጽሑፉ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች መጥተው በአንድ መስኮት ላይ ይገናኛሉ። ይህ መገናኘት የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ አንድ መምህር በአንድ ኮምፒዩተርና በአንዲት ትንሽ ካሜራ ከክፍሉ ሳይወጣ የቀጥታ ስርጭት ለማስተላለፍ የሚችል ስለሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለሥራውም ይረዳዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭቱን ከለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ የጀመረው በ1936 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1964 ተቋቋመ። በእነዚያ አሠርት ዓመታት በቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ጽሑፍ በመጀመሪያ በእጅ የሚጻፍ ነበር። ጽሕፈቱ ያማረ ሠራተኛ በጥቁር ካርድ ላይ በነጭ ቀለም ስሙን ይጽፋል ወይም ተለጣፊ ፊደል ይደረድራል። ካርዱ በማስቀመጫ ላይ ይቆምና ሁለተኛ ካሜራ ይደገንበታል። የመጀመሪያው ካሜራ ተናጋሪውን፣ ሁለተኛው ካርዱን ሲያይ፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ሠራተኛ የሁለቱን ሥዕሎች ብርሃን አንዱን በሌላው ላይ ይደምራል።

ካርዱ ጥቁር የሆነበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው። ጥቁር ማለት ብርሃን የለም ማለት ስለሆነ፣ ሲደመር በተናጋሪው ሥዕል ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚጨምረው የፊደሉ ነጭነት ብቻ ነው። ዘዴው ብልሃት ያለበት ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረው፤ ይኸውም ነጭ በነጭ ላይ ቢደመር አይታይም። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ቀርቦ ቢናገር ስሙ ጋቢው ላይ ይጠፋል ማለት ነው።

መሐንዲሶች ይህን ያሻሻሉት በመደመር ፈንታ በመቁረጥ ነው። በዘመኑ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥዕል በ625 መስመሮች ተከፋፍሎ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይሣል ነበር። አንዱ መስመር የሚፈጀው ጊዜ 64 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ነው። አዲሱ መሣሪያ የካርዱን ሥዕል መስመር ለመስመር እየተከተለ፣ ብርሃኑ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የተናጋሪውን ሥዕል ቆርጦ በቦታው ፊደሉን ያስገባል፤ ብርሃኑ ሲወርድ ደግሞ ሥዕሉን ይመልሳል። በፊደሉ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ሲጨመርበት ከጋቢውም ላይ ለመነበብ ቻለ።

የአየር ሁኔታ የሚያስረዳው ሰው በካርታ ፊት የቆመ መስሎ የሚታየውም በዚሁ መንገድ ነው። የሚለየው መሣሪያው የሚከተለው ብርሃንን ሳይሆን አንድን ቀለም፣ ሰማያዊን ወይም አረንጓዴን መሆኑ ነው። የፊልም ሰዎች ይህን ቀደም ብለው ያውቁት ነበር፤ በ1940 የወጣው «የባግዳድ ሌባ» የተባለው ፊልም ሰማያዊ መጋረጃን በመጠቀም የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ስንት እጅ ያስፈልግ እንደ ነበር ልብ እንበል። ጸሐፊው፣ ሁለቱ የካሜራ ሰዎች፣ ቀላቃዩ፣ ከሁሉም በላይ ትእዛዝ የሚሰጠው ዳይሬክተር አሉ። በአንዲት ፊደል ስሕተት ካርዱ እንደገና ይጻፋል። መልካም ጎኑ ደግሞ አንድ ጽሑፍ በሥዕል ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ዓይን ያየው ነበር።

ወደ 1970ዎቹ ግድም የእጅ ጽሕፈቱን የሚተካ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መጣ። በአሜሪካ የሲ.ቢ.ኤስ. ላቦራቶሪ ቪዲፎንት የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ ካይሮን የተባለው ኩባንያም በዚሁ ሥራ ስሙ ከመግነኑ የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ አሜሪካውያን በመስኮቱ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ራሱን ካይሮን ይሉታል። ሠራተኛው በታይፕ ገበታ ላይ ሲጽፍ ፊደሉ ከመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ወጥቶ በሥዕሉ ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን ለላቲን 26 ፊደላትን በትልቁና በትንሹ ማስቀመጥ ሲበቃ፣ የእኛ ፊደል ከነእርባታው ከ200 በላይ ቅርጾች አሉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ «ሀ» በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በአንድ ቁጥር የምትታወቅ ሆነች። እንዲህም ሆኖ የተመረጠው የፊደል ዓይነት የእኛን ቅርጾች ካልያዘ በቃሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። በአማርኛ ስርጭት የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈትነው የሚገባ ይህን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሳይወራለት የቀረ ቢሆንም በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ አራተኛ ቁጥር ጨመሩ፤ አልፋም አሉት። ይህ ቁጥር ነጥቡ ከበስተኋላው ያለውን ምን ያህል እንደሚጋርድ ይናገራል። 1 ከሆነ ፈጽሞ ይጋርዳል፣ 0 ከሆነ እንደ ጠራ መስታወት ነው። በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የተባሉ ባለሙያዎች በዚህ ቁጥር አማካይነት ሥዕሎች እንዴት እንደሚደራረቡ የሚገልጸውን ሒሳብ አሳተሙ።

ሒሳቡን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። የፊደሉ ብርሃን 240፣ ከበስተኋላው ያለው ሥዕል ብርሃን 80፣ አልፋው 0.75 ቢሆን፣ 240 በ0.75 ሲባዛ 180 ይሆናል። የቀረው 0.25 በ80 ሲባዛ 20 ነው። ድምሩ 200 በመስኮቱ ላይ ይታያል። የጥንቱ ጥቁር ካርድ፣ መቁረጫውም መሣሪያ በዚህች አንዲት ስሌት ውስጥ ተጠቃለሉ። የጂኦግራፊ መምህራን በብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ ወንዞችን ስለው ከካርታ ላይ እንደሚያነጥፉት ያለ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ቁጥር መሆኑ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጽሑፉ ነው። ካሜራውስ ከትልቁ ስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ጠረጴዛችን የመጣው እንዴት ነው? የዚህ ታሪክ መነሻ ቡና ነው።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ፣ ትሮጃን ሩም በሚባል ክፍል አጠገብ አንድ የቡና ማፍያ ነበር። በሌላ ክፍል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቡና ፈልገው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። በእኛ አገር ቢሆን ሽታው ራሱ ይጠራቸው ነበር። እነርሱ ግን በ1991 ካሜራ ደገኑበት። ፖል ጃርዴትስኪ ሥዕሉን የሚይዘውን፣ ክዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር ደግሞ ሥዕሉን በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒዩተር ላይ የሚያሳየውን ፕሮግራም ጻፉ። ሥዕሉ ቀለም የሌለው፣ 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በደቂቃም ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ይታደስ ነበር። በ1993 በኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የዓለም ሕዝብ የማያውቀውን ሰው ቡና ለማየት ይጎርፍ ጀመር። ካሜራው የጠፋው በ2001 ነው፤ ማሰሮውንም ሽፒግል ኦንላይን የተባለው የጀርመን የዜና ድርጅት በጨረታ በ3,350 ፓውንድ ገዛው።

በዚያ ሥዕል ላይ ምንም ጽሑፍ አልተደረበም ነበር። የተመልካቹ ጥያቄ «ቡና አለ ወይስ የለም?» የሚል አንድ ጥያቄ ስለሆነ ሥዕሉ ራሱ ይመልሰዋል። ይህን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በ1993 በካሊፎርኒያ ሲቪር ታየር ዳሜጅ የተባለ የሙዚቃ ጓድ ጨዋታውን በቀጥታ በኢንተርኔት አስተላለፈ። በ2007 ጀስቲን ካን የተባለ ወጣት በሳን ፍራንሲስኮ ካሜራ በቆቡ ላይ አስሮ፣ ኮምፒዩተሩን በጀርባ ቦርሳው ይዞ፣ የቀን ኑሮውን ያለማቋረጥ ያሳይ ጀመር። ቁም ነገር ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ እኔም መልስ የለኝም። ነገር ግን የእርሱ ሥራ ሌሎች ሰዎች የሚያስተላልፉበት ድርጅት ሆነ፤ ከእርሱም በ2011 ትዊች የተባለው የጨዋታ ማስተላለፊያ ተወለደ። በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ወጣቶች ጨዋታቸውን በትልቁ፣ ፊታቸውን በመስኮቱ ጥግ በትንሹ፣ ስማቸውን ከላይ ማሳየት ፈለጉ። በ2012 ሂዩ ቤይሊ የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ኦፕን ብሮድካስተር ሶፍትዌር፣ በአጭሩ ኦ.ቢ.ኤስ. የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይወስደዋል፤ አሠራሩንም ከፍቶ ለማየትና ለማሻሻል ይችላል። ስለዚህ የጥንቱ የመቆጣጠሪያ ክፍል ወደ መምህሩ ጠረጴዛ የመጣው በተጫዋቾች በኩል ነው።

አሠራሩ ከላይ ከተነገረው ታሪክ የተለየ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ ባዶ ሰሌዳ ይታያል። በሰሌዳው ላይ ምንጮች ይጨመራሉ፤ አንዱ ካሜራው፣ አንዱ ጽሑፉ፣ አንዱ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ይሆናል። በዝርዝሩ ከላይ የተጻፈው ከታች ያለውን ይጋርዳል። ጽሑፉ አልታይ ካለ ብዙ ጊዜ ከካሜራው በታች ተዘርዝሮ ነው። እነዚህ በአንድነት ትዕይንት ይባላሉ፤ አንዱን ትዕይንት ለመምህሩ ፊት፣ ሌላውን ለሙከራው ጠረጴዛ አዘጋጅቶ በአንድ ቁልፍ መቀያየር ይቻላል። መብራት ወይም መስኮት ከፊት እንጂ ከኋላ አይሁን። ማይክሮፎኑ ለአፍ ይቅረብ፤ ተማሪ ደብዛዛ ሥዕልን ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም።

ቀሪው ነገር የመስመሩ አቅም ነው። 1280 በ720 ነጥብ ያለው ሥዕል 921,600 ነጥብ ይሆናል፤ የካምብሪጁን 56 እጥፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ተጽፎ በሴኮንድ 30 ሥዕል ቢላክ፣ ከ663 ሚሊዮን ቢት በላይ በየሴኮንዱ መሄድ አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ስርጭት በተለምዶ የሚመደበው ግን ሦስት ሚሊዮን ያህል ነው። ስለሆነም ፕሮግራሙ ከሥዕል ወደ ሥዕል ያልተለወጠውን እየተወ፣ የተለወጠውን ብቻ እየጻፈ ከ200 እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል። መምህሩ ካሜራውን በእጁ ይዞ ቢያወዛውዝ ሁሉም ነጥብ ስለሚለወጥ ሥዕሉ ይበጣጠሳል። የካሜራ መቆሚያ፣ ካልተገኘም የተደራረበ መጽሐፍ፣ ከውድ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል።

ለመምህራን ይህ ታሪክ ሌላ ትርጉምም አለው። በ2004 በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በየክፍሉ ይገባ ነበር። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ ላቦራቶሪ በሌለበት ሙከራ ያሳይ ነበር። ጽሑፉ ግን በራሱ ፍጥነት መጥቶ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ ይጠፋል፤ በክፍሉ ያለው መምህርም «ቆይ» ሊለው አይችልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን በብዙ አገር ካሜራውን ራሱ መምህሩ መያዝ ነበረበት። አሁን ጽሑፉን የሚያወጣውም የሚያነሣውም እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት የሚያየው ሌላ ዓይን ደግሞ የለም።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በደጋ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። አንድ ጊዜ በቆላ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ተስማምተን የውሃ መፍላትን ሙከራ በቀጥታ አስተላለፍን። ማታውን ተቀምጬ ያማረ ተደራቢ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል፤ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚል፣ ከመጽሐፉ እንዳለ የተወሰደ። ውሃው ፈላ። በዚህ ጊዜ ከቆላዎቹ ተማሪዎች አንዱ በጽሑፍ መልእክት «መምህር፣ ቴርሞሜትሩ ከጽሑፉ በታች ሆኖብን ማየት አልቻልንም፤ የእናንተ ስንት ይላል?» ሲል ጠየቀ።

ጽሑፉን አነሣሁት። የካሜራው ዓይን በእንፋሎት ደብዝዞ ስለ ነበር አንዲት ተማሪ በጨርቅ ጠረገችው። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። ከቆላው ወገን «የእኛ 98 ነው» የሚል መልስ መጣ፤ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመሩ። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ባነሰ ሙቀት እንደሚፈላ እኔ አውቀው ነበር፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ግን አላሰብኩትም። ቀሪው ክፍለ ጊዜ በዚሁ ክርክር አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ሙከራውን ስንደግመው ከሥዕሉ በላይ በግራ ጥግ የተጻፈው የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከፍታ ብቻ ነበር።