ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ምስጋና

ድሪቶ የድኻ ልብስ ነው፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው ያረጀውን በቁራጭ እየደረተ ገላውን ይሸፍንበታል፤ ባሕታዊም ዓለምን መናቁን ይገልጽበታል። ነገር ግን ይህ የተናቀ ቁርጥራጭ ከርኅሩኅ ሰው እጅ በገባ ጊዜ የምጽዋት ዕቃ እንደሚሆን፣ አንዳንድ ጊዜም ምጽዋት የተቀበለውን ሰው መልሶ ሰጪ እንደሚያደርገው ታሪክ ያስረዳል።

የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ የምትነገረው የኢዮጴዋ ጣቢታ ናት። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ ያሳዩት ወርቅዋን ወይም ቤትዋን አይደለም፤ በእጅዋ የሠራችውን ቀሚስና ልብስ ነው። ስለዚህም ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለድኻ ልብስ የሚሰፉ የሴቶች ማኅበሮች በግሪክ ስምዋ የዶርቃ ማኅበር ተብለው ተጠሩ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ዓ. ም. ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለች፣ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆነች እመቤት፣ በሎንዶን ወደ ነበረው ወደ ኒውጌት ወህኒ ቤት ገባች። በዚያም ሴቶች እስረኞች ከሕፃናታቸው ጋር ተጨናንቀው በታላቅ ጕስቍልና ሲኖሩ አገኘች። በመጀመሪያ ለሕፃናቱ ልብስ አመጣች። በ1817 ግን ከባልንጀሮችዋ ጋር ማኅበር አቁማ እስረኞቹን ንባብና ስፌት ታስተምራቸው ጀመር፤ ልብስ ገላን ቢሸፍን ሥራ የሌለውን እጅ ከጠብና ከቁማር እንደማያድን ተረድታ ነበርና።

በዚያን ዘመን ብዙ ወንጀለኞች በመርከብ ወደ አውስትራልያ ይጋዙ ነበር። ማኅበርተኞቹም ለምትጋዘው ለእያንዳንዲቱ ሴት መርፌ፣ ክር፣ መቀስና አንድ ኪሎ ግድም የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ በከረጢት አድርገው ይሰጡ ነበር።

በ1841 በአፕሪል ወር ራጃ የተባለች መርከብ 180 ያህል ሴቶች ጭና ከእንግሊዝ ተነሣች፤ በጁላይም ዛሬ ታስማኒያ በምትባለው ደሴት ከሆባርት ከተማ ደረሰች። ኬዝያ ሄይተር የተባለች እመቤት ጠባቂያቸው ሆና አብራ ተጓዘች። ከእስረኞቹም አንዳንዶቹ በባሕር ላይ ሳሉ 2815 ቁራጮች አጋጥመው አንድ ታላቅ የአልጋ ልብስ ሰፉ። መካከሉ በአበባና በአዕዋፍ የተጌጠ ነው። ስፌቱ በአንዱ ስፍራ የባለሙያ፣ በሌላው ስፍራ የጀማሪ እጅ መሆኑ ይታወቃል። በግርጌው ለማኅበሩ እመቤቶች ምስጋናቸውንና ለሥራ መትጋታቸውን የሚገልጽ ቃል በክር ጻፉበት፤ የራሳቸውን ስም ግን አልጻፉም።

ይህ የአልጋ ልብስ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ተገኘ፤ በ1989 ወደ አውስትራልያ ተመልሶ በካንቤራ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤት ተቀመጠ።

ሥራው እስከ ዛሬ አልቀረም። በ1920 በተመሠረተው በሜኖናይቶች የርዳታ ጉባኤና በ1945 በተቋቋመው በሉተራን የዓለም ርዳታ በኩል፣ በአሜሪካ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰበሰቡ ሰዎች ለስደተኞች ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የላዩን ፊት ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ያጋጥማሉ፤ በመካከሉ ሙቀት የሚይዝ ጨርቅ ይጨምራሉ፤ ከታች ገበር ያደርጉና ሦስቱን በክር ቋጠሮ ያያይዟቸዋል። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ መስፋት የማይችል እንኳ ቢሆን ቋጠሮ ለማሰር አያንስም።

የኢዮጴ መበለቶች ለጣቢታ ሊመልሱላት የቻሉት እንባቸውንና ምስክርነታቸውን ነበር። የራጃ እስረኞች ግን ከጨርቁ ጋር መርፌ ተሰጥቷቸው ነበርና ስጦታውን ራሱን ሰፍተው መለሱ። የሚመጸውት ሰው ይህን ልዩነት ቢያስብ መልካም ነው፤ ልብስ የተሰጠው ሰው ከብርድ ይድናል፤ መርፌም የተጨመረለት ደግሞ በተራው ሌላውን ያለብሳል።