በራውተር የሚሠራ የቁም ሳጥን በር

በራውተር የሚሠራ የቁም ሳጥን በር ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ተጋጥመው ፍሬም የሚሆኑበት፣ በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ በተቦረቦረው ቦይም ፓኔል የሚገባበት መዝጊያ ነው። ራውተር በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ ገደማ በሚዞር ቢት እንጨት የሚቦረቡርና ጠርዝ የሚቀርጽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ ውስጥ በካርተር ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ኩባንያውን ገዛው። ስለዚህ ዓይነቱ በር ሲነገር ወሬው ቶሎ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሞጣ ለሚሠራ አናጺ ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። በሩ ዓመት ሳይሞላው መጣመም አለመጣመሙን የሚወስኑት የእንጨቱ ድርቀትና ለፓኔሉ የተተወለት ክፍተት ናቸው። ማሽኑ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በጋው ደረቅ ነው። እንጨት ደግሞ ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መመለሱን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨት ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 75 በመቶ ሲደርስ ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። በጅማቱ ርዝመት በኩል ለውጡ ከቁጥር አይገባም። በወርዱ ግን የእንጨቱ እርጥበት በአንድ በመቶ በተለወጠ ቁጥር ከወርዱ ሩብ በመቶ የሚጠጋ ማበጥ ወይም መኮማተር አለ። ወርዱ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጣውላ ከጣውላ ተጣብቆ የተሠራ መዝጊያ እንውሰድ። እርጥበቱ በ5 በመቶ ቢለወጥ ወርዱ በ5 ሚሊ ሜትር ይለወጣል። በሁለት መዝጊያዎች መካከል የሚተወው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በየካቲት ልክ የነበረው በር በነሐሴ አልዘጋም ይላል። ያው በር እያንዳንዳቸው 60 ሚሊ ሜትር ወርድ ባላቸው ሁለት ቋሚዎች በፍሬም ቢሠራ፣ የሚያብጠው የቋሚዎቹ 120 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አግዳሚዎቹ ጅማታቸው በበሩ ወርድ ስለሚሄድ ከቦታቸው አይነቃነቁም ማለት ይቻላል። ውጤቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የፓኔሉ ማበጥና መኮማተር ቦዩ ውስጥ ያልቃል።

የቀድሞ አናጺዎች ያለ ራውተርም ያለ ፍሬምም ዘመን የተሻገረ በር ሠርተዋል የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው፤ በየደብሩ ያሉት ወፋፍራም መዝጊያዎች ይመሰክራሉ። ነገር ግን እነዚያ የወጡት ከትልልቅ ዛፎች ነው፤ ውፍረታቸው መጣመምን ይቋቋማል፤ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ቢኖርም ነውር አልነበረም። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቡፌ በር ከእነዚህ አንዱንም አላገኘም። ደግሞም ሳሳ ያለ እንጨትን በወፋፍራም እንጨቶች መካከል ማሳረፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ጣሪያ የተሠራው እንስሳት የተቀረጹባቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች በወራጆች መካከል ተደርድረው ነው።

ለዚህ ሥራ በጎጃም ደጋ ከሚገኙት እንጨቶች ዋንዛን የሚተካከል የለም። እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ድረስ ይበቅላል፤ ለመላጊያም ለቢትም ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላም ብዙ አያስቸግርም። ሆኖም የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የመጣው ዛፉ በመመናመኑ ነው። ስለዚህ ዋንዛን ለፓኔል ቆጥቦ ፍሬሙን ከግራቪሊያ ወይም ጉጥ ከሌለው የፈረንጅ ጥድ ማውጣት ለኪስም ለአገርም ይበጃል። በየማሳው ዳር የቆመው ነጭ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም በችኮላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ለወርዳም ፓኔል አይመከርም። የትኛውም እንጨት ቢመረጥ ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት፣ ጫፎቹ ቀለም ተቀብተው በጥላ ሥር መደርደር አለበት። በብዙ አገር የሚሠራበት ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። የእርጥበት መለኪያ ለሌለው ሚዛን ይበቃዋል፤ ከክምሩ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም መጠበቅ ነው።

ልኩ እንዲህ ይወጣል። ቁመቱ 600፣ ወርዱ 400 ሚሊ ሜትር ለሆነ በር፣ የፍሬሙ እንጨት ወርድ 60፣ የቦዩ ጥልቀት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አግዳሚው በሁለቱም ጫፍ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ምላሱን ጨምሮ 300 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ከቦይ እስከ ቦይ ያለው ወርድም 300 ነው፤ ፓኔሉ ግን 294 መሆን አለበት፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር እንዲተርፈው። ይህ በበጋ ለሚሠራ በር ነው፤ በክረምት እንጨቱ አስቀድሞ ስላበጠ ክፍተቱ ይቀንሳል። ኮላ የሚቀባው የፍሬሙ ማዕዘን ብቻ ነው። ፓኔሉን በኮላ ማጣበቅ ጠንካራ ሥራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሚቀጥለው በጋ ፓኔሉን ከመሃል የሚሰነጥቀው ይኸው ኮላ ነው። ራውተሩ ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከቢቱ ዙረት በተቃራኒ ይገፋል። መጀመሪያ የአግዳሚዎቹ ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፤ ከጀርባው ቁራሽ እንጨት ካልተደገፈ ጠርዙ ይፈረከሳል። ቦዩ ቀጥሎ ይመጣል። የፓኔሉ ጠርዝ ሲቀረጽም ጅማቱ የተቆረጠበት ጎን ይቀድማል፤ እዚያ የተፈረከሰውን በረጅሙ ጎን የሚያልፈው ቢት ይጠርገዋል። ኩሽኔታ ያለው ትልቁ የፓኔል ቢት ስፋቱ 85 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 22,000 ጊዜ ቢዞር ጠርዙ በሰከንድ 98 ሜትር ይበርራል፤ ወደ 10,000 ሲወርድ 45 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቢት ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ፣ በሦስት ወይም በአራት ዙር ጥቂት በጥቂት እንጂ በአንዴ አይቆርጥም፤ በእጅ በተያዘ ራውተርም ፈጽሞ አይሞከርም። የእንጨት አቧራ ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. ስለተመዘገበ፣ ከዓይን መከላከያ መነጽር ጋር የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ግድ ነው።

የ10 ሚሊ ሜትር ምላስ ከድሮው ረጅም ምላስና በመሮ ከተፈለፈለ ጉድጓድ ጋር አይወዳደርም የሚሉ አናጺዎች ትክክል ናቸው። ለቤት በር አይበቃም። ለቁም ሳጥን ግን ክብደቱ ቀላል ነውና ኮላው በደንብ ከያዘና በሞርሳ ተጠብቆ ከደረቀ ችግር የለበትም። ከባድ መስታወት የሚሸከም መዝጊያ ከሆነ ምላሱ ይርዘም።

ጠንካራው ተቃውሞ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ከሚባሉት የፋብሪካ ሰሌዳዎች በኩል የሚመጣው ነው። እነዚህ በወቅቱ ለውጥ እንደ ጣውላ አይጣመሙም፤ ኤምዲኤፍ ቀለም ሲቀባም ያምራል። የሚጎዱት በሌላ በኩል ነው። ጠርዛቸው ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም፤ የማጠፊያው ብሎን ከላላ ዳግም የሚይዝበት አያገኝም። የፍሬም በር ግን አንድ ቋሚ ቢሰበር፣ ማዕዘኑ በኮላ የተያዘ በመሆኑ ሥራው ቢከብድም፣ ሊተካ ይችላል። መካከለኛው መንገድ ፍሬሙን ከእንጨት፣ ፓኔሉን ከኮምፔንሳቶ መሥራት ነው፤ ኮምፔንሳቶ እምብዛም ስለማያብጥ ክፍተቱን መጠበቅ ለማይችል ጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራውተሩ ይቆማል፤ ቦይ ግን በእጅ መላጊያም ይወጣል፣ ልኩም ያው ነው። በሞጣ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ስለሆነ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ይደክማል፤ በዙሮች መካከል ማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝማል። ገንዘብ አጠራቅሞ ራውተር ሊገዛ ያሰበ የእንጨት ሥራ ማኅበር በመጀመሪያው ብር የጣውላ ጥላ ይሥራ፣ የከርሞውን ጣውላም አሁን ይደርድር፤ ማሽኑ ቀጥሎ ይምጣ።