የወንበሩ ሰጪና የወንበሩ ጠራቢ

ወንበር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከመቀመጫነቱ ያለፈ ትርጉም ይዞ የኖረ ዕቃ ነው። ቃሉ «ነበረ»፣ ማለትም ተቀመጠ፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣው የ«መንበር» ዘመድ ነው። በቀደመው የፍርድ ሥርዓት ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር፤ በአብነት ትምህርት ቤትም የቅኔውና የመጻሕፍቱ መምህር የሚያስተምርበት ሥልጣን ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። የአልጋም ነገር እንዲሁ ነው፤ «አልጋ ወራሽ» ተብሎ የተሾመ ሰው የወረሰው መኝታ ሳይሆን መንግሥት ነበር። ሰፊው ሕዝብ ግን በመደብ፣ በአጎዛና በዱካ ላይ ተቀምጦ ዘመናትን አሳልፏል። የተጌጠ ወንበር የጥቂቶች ነበር። ወንበሩን ያስጌጠው ሰው ደግሞ ከነዚያ ጥቂቶች ወገን አልነበረም።

ይህን አሮጌ ጉዳይ እንደገና እንዲመረመር የሚያደርገው በዘመናችን በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌና ከዚያ ወዲያ ባለው የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኪነ ጥበብና በጎ አድራጎት በአንድ ገበያ መገናኘታቸው ነው። ሠዓሊው ሥራውን ይለግሳል፣ አቅም ያለው ይገዛል፣ ገንዘቡም ለተቸገረ ይውላል። የሚለገሰው ሥራ በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰጪውና ሠሪው አንድ ሰው ናቸውና። ሸራው ቀርቶ በርጩማ፣ ጠረጴዛ ወይም ሳጥን ሲቀርብ ግን ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ እንጨቱን የጠረበው። የዚህ ሦስተኛ ሰው ታሪክ ረጅም ነው።

ያጌጠ የቤት ዕቃን ለበጎ ዓላማ መስጠት ከውጭ የመጣ ልማድ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ወደ ላሊበላ ቢመለከቱ ይበጃል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ጀምሮ ተጠብቀው የቆዩ ከእንጨት የተጠረቡ መናብርተ ታቦት አሉ። ገጾቻቸው በተጠላለፉ ሐረጎችና በመስቀሎች ተሞልተው የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ከነርሱ መካከል የግዕዝ ጽሑፍ ያለባቸው ይገኛሉ። ጽሑፉ የሚናገረው በንጉሡ በላሊበላ ስም ነው፤ የሚለምነውም ስለ ንጉሡ ነው። ስጦታው የንጉሡ ሆኖ ተመዘገበ፤ መሮውን የያዘው እጅ ግን በእንጨቱ ላይ ካሳረፈው ውበት በቀር ሌላ ምልክት አልተወም።

በሥዕሉም በኩል ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጎንደር ዘመን በተሣሉ የማርያም ሥዕሎች እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሣለው መኰንን ወይም ወይዘሮ ነው። ስሙም ከአጠገቡ ይጻፋል። ያሣለው እንጂ የሣለው አይደለም፤ አማርኛ በአንዲት ፊደል የሚለያቸው እነዚህ ሁለት ቃላት በታሪክ መዝገብ ላይ እጅግ የተራራቀ ዕድል ገጥሟቸዋል። እርግጥ ነው፣ እንደ ፍሬ ጽዮን ያለ ሰው አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ የሠራው ይህ መነኩሴ ሠዓሊ ስሙ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ ሥዕል ላይ ተጽፎ ስለተገኘ ዛሬ በርካታ ሥራዎችን ከእጁ ጋር ማዛመድ ተችሏል። አንድ ስም በአንድ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም ፍሬ ጽዮን የቤተ ክህነት ሰው ነበር። እንጨት ጠራቢው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ያልነበራቸው በአጋጣሚ አይደለም። የፊውዳሉ ሥርዓት የእጅ ባለሙያውን ሥራ እየተጠቀመ ሠሪውን ያዋርድ ነበር። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ እየተባለ መሬት ይከለከል፣ ከጋብቻ ይገለል ነበር። በጉራጌ አገር የቤቱን ምሰሶ የሚያቆመውና እንጨቱን የሚጠርበው ባለሙያ በማኅበረሰቡ ዘንድ ርኩስ ተደርጎ ይቆጠርና እርሻ እንዳይነካ ይከለከል ነበር፤ ያለ እርሱ እጅ ግን ቤት አይቆምም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው እያነሡ መስደብን አውግዘው ተሳዳቢውም እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ስድቡን ለጊዜው ቢያስፈራራም ልማዱን አልነቀለውም። በቤተ መንግሥቱና በአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ላይ ከሕንድ፣ ከአርመንና ከግሪክ የመጡ አናጢዎች ተፈላጊ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የተናቀ ሙያ ወራሽ አያበረክትም።

የጅማን በርጩማ ያየ ሰው ይህ ንቀት ምን ያህል ያለ ቦታው እንደነበረ ይገነዘባል። በርጩማው ከአንድ ግንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ይወጣል። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፣ መጋጠሚያም የለውም። ጠራቢው ግንዱን በመጥረቢያ አቅልሎ ካሳጠረ በኋላ መቀመጫውን ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል፤ ከዚያ ሦስቱን እግሮች ከዚያው ከግንዱ ሥጋ ይፈለፍላቸዋል። አንዲት የተሳሳተች ምት እግሩን ከሰነጠቀች የቀናት ድካም ማገዶ ይሆናል። እግሮቹ ሦስት የሆኑትም ለውበት ብቻ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር በተስተካከለ ወለል ላይ ካልሆነ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ያለው ግን በዐፈር ወለልም ቢሆን ጸንቶ ይቆማል። የሰውነትን ቅርጽ ተከትሎ የጎደጎደው መቀመጫና የቤቱን ወለል አውቆ የተሰነዘረው እግር በወረቀት ላይ ያልተሣለ፣ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ዕውቀት ናቸው። በጅማ ሙዚየም ከሚታዩት የአባ ጅፋር ንብረቶች መካከል የተቀረጹ መቀመጫዎች ይገኛሉ። የሚታወቁት በባለቤታቸው ስም ነው።

ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ለሠዓሊው አዲስ ዘመን ከፈቱለት። ሠዓሊው ትምህርት ቤት ገባ፣ ዲፕሎማ ያዘ፣ በሥራው ጥግ ላይ ስሙን ጻፈ። ከዚህ በኋላ ሠዓሊው አርቲስት፣ አናጢው ግን እንደ ወትሮው አናጢ ሆነ። በአንድ ጊዜ በአንድ ንቀት ሥር የነበሩ ሁለት ሙያዎች ተለያዩ።

የመለያየቱ ምስክር በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ወደ ቦሌ የሚወስደው ጎዳና ከሚነሣበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቆሟል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የኢጣሊያዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስኮቱ ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዕጣ በሦስት ክፍል ያሳያል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። የአህጉሩ መሪዎች ቻርተሩን የፈረሙት በጠረጴዛ ላይ፣ በወንበር ተቀምጠው ነበር። የቤት ዕቃዎቹም ለአዳራሹ ታስበው የተነደፉ ናቸው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት እነዚያን ዕቃዎች ጠብቆ ማቆየት የእድሳቱ አንድ አካል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አርክቴክቱ ይታወቃል፣ ሠዓሊው ይታወቃል። የአናጢዎቹን ስም የሚጠራ ጎብኚ ግን የለም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የእጅ ባለሙያው በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ፤ በ1969 ዓ.ም. የዕደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በመፈክር ደረጃ የሠሪው እጅ ተከብሯል። በተግባር ግን ከማኅበሩ ሱቅ የወጣው በርጩማ የማኅበሩን እንጂ የጠራቢውን ስም አልያዘም፤ የንጉሡ ስም በድርጅት ስም ተተካ ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለተደረገው ዕርዳታ ዓለምን ለማመስገን በ1980 ዓ.ም. የተጓዘው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን የኪነ ጥበብ ሰው በሕዝብ ችግር ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ዘፋኙና ተወዛዋዡ በስማቸው ይታወሳሉ።

በዚህ መካከል የአዲስ አበባ ሕዝብ የራሱን የበጎ አድራጎት ወንበር ይዞ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ከዚያም ከተማዋ ወደ ገርጂ፣ ወደ ኮተቤና ወደ አያት ስትሰፋ፣ በየአዲሱ ሰፈር ከመንገድና ከውኃ ቀድሞ የሚደራጀው ብዙ ጊዜ እድር ነበር። የእድር ሀብት ድንኳን፣ ድስት፣ ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር ነው። አግዳሚው ከለቅሶ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት ሲዞር እንዳይጠፋ በቀለም ይጻፍበታል፤ የሚጻፈውም የእድሩ ስም ነው። ስለ ውበቱ የሚጨነቅ የለም። ሆኖም ከማንኛውም ጋለሪ ወንበር ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ሐዘንተኛን የሚያሳርፍ፣ በድሀ መዋጮ የተገዛ ዕቃ ይኸው ነው። ሥነ ጥበብን ከሕዝብ ኑሮ ጋር ስለ ማገናኘት የሚከራከሩ ሰዎች ከዚህ አግዳሚ ቢጀምሩ አይሳሳቱም።

ሠዓሊዎች ቅርጽ በወጣለት ዕቃ ላይ ሥለው ለዕርዳታ ማጫረት በሌላው ዓለም የተስፋፋው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የስዊስ ከተማ ዙሪክ በሠዓሊዎች ያጌጡ የላም ቅርጾችን በጎዳናዎቿ አቆመች፤ በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ያንኑ አድርጋ ላሞቹን በማጫረት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበጎ አድራጎት አስገኘች። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ በተከፈተ መጽሐፍ አምሳል የተሠሩ 50 የመናፈሻ ወንበሮች በታዋቂ መጻሕፍት ጭብጥ ተሥለው ለሽያጭ ቀረቡ፤ ለንባብ ማስፋፊያ ከ250 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። እዚያም ሕዝቡ የሚያውቀው የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም ነው።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ለዚህ መንገድ ቅርብ የሆነው በአሜሪካ የምትኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሠዓሊ አበዛሽ ታምራት «አርቲስትስ ፎር ቻሪቲ» በሚል ስም የመሠረተችው ድርጅት ነው። ድርጅቱ በዋሺንግተን የሥዕል ጨረታ እያዘጋጀ ወላጆቻቸውን ላጡና ቫይረሱ በደማቸው ላለ ሕፃናት በአዲስ አበባ መኖሪያ ሲደግፍ ቆይቷል። በከተማዋ ምሥራቅ፣ በአያት አካባቢ፣ ቢንያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደግሞ በሺህ ለሚቆጠሩ ጧሪ ላጡ ሰዎች አልጋ ዘርግቷል። በ2017 ዓ.ም. ለማዕከሉ ሕንፃ በተደረገው የገቢ ማሰባሰቢያ የኪነ ጥበብ ሰዎች ዝናቸውን አውለዋል። እዚህ ላይ አልጋ የሚለው ቃል ከዙፋንነቱ ወርዶ ወደ ቀደመ ትርጉሙ መመለሱ ልብ ሊባል ይገባል።

እንግዲህ አንድ የተሣለ በርጩማ ለእንዲህ ያለ ተቋም መርጃ በቦሌ ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው ከምን ይገነባል? እንጨቱ ዋጋ አለው፤ ዋንዛና ዝግባ እየተወደዱ በፋብሪካ ችፑድ ሲተኩ ደግሞ ይበልጥ ይከብራል። የጠራቢው ጉልበት ዋጋ አለው። ከዚህ በላይ ያለው ትርፍ የሚመጣው ከሠዓሊው ስምና ከገዢው ርኅራኄ ነው። ሠዓሊው የሚለግሰው ቀለሙንና ስሙን ነው፤ በምላሹም ስሙ ይበልጥ ይታወቃል፤ ገዢውም ይመሰገናል። ጠራቢው በርጩማውን በገበያ ዋጋ ከሸጠ ቢያንስ የድካሙን ያገኛል። ለበጎ ዓላማ ነው ተብሎ ዋጋ ቀንስ ከተባለ ግን ከሦስቱ ሁሉ ብዙ የሰጠ እርሱ ይሆናል፤ ሰጪ ተብሎ የሚመዘገበው ግን ሌላ ነው። የላሊበላው መንበር ጽሑፍ በዚህ መልክ በቦሌ ይደገማል።

አንድ ቴክኒካዊ ነገርም አለ። ጥሩ የተጠረበ በርጩማ ያለ ቀለም የራሱ ጌጥ አለው፤ የእንጨቱ ጅማትና የመሮው ዱካ ሥዕል ናቸው። የቀድሞ ሠዓሊዎች በሰሌዳ ላይ ከመሣላቸው በፊት ነጭ የጀሶ ልባስ ይቀቡ ነበር፤ እንጨቱም ፈጽሞ ይሸፈናል። ሰሌዳው ለዚሁ ተብሎ ስለተዘጋጀ ጉዳት አልነበረውም። በርጩማ ላይ ይህን ማድረግ ግን የአንዱን ባለሙያ ሥራ በሌላው መደምሰስ ነው። አስተዋይ ሠዓሊ የመቀመጫውን ጠርዝ ወይም የእግሮቹን መካከል መርጦ ይሥላል፤ የቀረውን ለቫርኒሽና ለዋንዛው ቡናማ ቀለም ይተዋል። የጠራቢው ስም የሚጻፍበትም ቦታ አለ። በርጩማው ሲገለበጥ ከመቀመጫው ሥር፣ ሦስቱ እግሮች በሚነሡበት መካከል፣ ቀለም የማይደርስበት አንድ መዳፍ የሚያህል ልሙጥ እንጨት ይገኛል።